ዝጉ ሳጥን፦ በአንድ ስድስተኛ ክፍል የማጠናከሪያ መዋጮ ላይ የሆነው

ይህን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት

በ2017 የትምህርት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንድ ስድስተኛ ክፍል ወላጆች ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ልጄም እዚያው ክፍል ይማር ነበር። ለማጠናከሪያ ትምህርት ከየቤቱ በወር 300 ብር ስንሰበስብ 17 ልጆች ከክፍል ውጭ ቀሩ። ልጆቹን ለመመለስ ሦስት መንገድ ሞከርን። የመጀመሪያው አልሠራም፤ ሁለተኛው ገንዘቡን ሞላ፣ ልጆቹን ግን ጎዳ። ሦስተኛው በአብዛኛው ሠራ፤ እሱም ያልደረሰባቸው ልጆች ነበሩ።

የማንንም ስም አልጠራም፤ ትምህርት ቤቱንና ወረዳውንም አልጠቅስም። ለቤተሰቦቹ መታወቂያ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችንም ትቻለሁ። 300 ብር ምን አላት የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ክፍሉና ቤተሰቦቹ

ክፍሉ 48 ተማሪዎች ነበሩት። በር ላይ ቆሞ ለሚያያቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር ያቀርባል፤ ቁርስና ምሳም ይመግባል። ምግቡን የሚያበስሉት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው፤ ከእነሱም ልጆቻቸውን እዚያው የሚያስተምሩ አሉ። ትልቋ ልጄ በዚሁ ግቢ የተማረችው ምገባ ከመጀመሩ በፊት ነው። ያኔ ረፋድ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚደፋ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም ነበር። መምህራኑ እንቅልፍ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ዛሬ ያንን አላይም፤ ምገባውን ሳነሳ በምስጋና ነው።

ሳህኑ እኩል ቢሆንም ቤቱ እኩል አይደለም። ከወላጆቹ መካከል ሁለቱም ባንክ የሚሠሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ሲጨምርባቸው ልጃቸውን አራተኛ ክፍል ላይ ወደዚህ ያዛወሩ። መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ አባት ነበረ። የሰው መኪና ይዞ ራይድ የሚሠራ ሹፌር፣ አራት ልጆች ያሉት የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሰው ቤት እየዞሩ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ ልጃቸው ሳዑዲ ሄዳ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አያት፣ የምገባ እናት፣ ቀን ሠራተኞችም ነበሩ። እኔ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።

በዚያ ዓመት ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የዘይቱም የወረቀቱም ዋጋ ሌላ ነበር። ይህ ሁሉንም ቤት እኩል አልመታም። ከሳዑዲ የሚላክላቸው አያት፣ ልጃቸው የምትልከው ሳይጨምር በብር የሚደርሳቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነጋዴው ዕቃውን በአዲሱ ዋጋ ሸጠ። የጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ ግን ያው 4,500 ብር ነበር። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈለውም የሚል ወለል አልተቀመጠለትም።

ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ሌላም ነገር አለ። የደመወዝ ግብራችን ስንት ልጅ አለህ ብሎ አይጠይቅም። ደመወዛቸው እኩል ከሆነ፣ ልጅ የሌለውም አራት ልጅ ያለውም እኩል ይቆረጥባቸዋል። በዚያ ዓመት ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው ትምህርት ካለቀ በኋላ በሐምሌ 2017 ነው። 4,500 ብሩ ገና ሳይቆረጥለት ለስድስት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 750 ብር ይደርሳል። 300 ብር ማለት የአንድ ሰው የወር ድርሻ ከሲሶ በላይ ነው። በእኔ ቤት 300 ብር አንድ ቀን ውጭ ምሳ የምንበላበት ነበር።

ችግሩ እንዴት እንደተፈጠረ

ስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። መምህራኑ በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛና በአካባቢ ሳይንስ ልጆቹ ወደ ኋላ መቅረታቸውን ነገሩን፤ ከ9፡30 በኋላ ማጠናከሪያ ለመስጠትም ፈቃደኛ ሆኑ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። 21 ወላጅ መጣ። ሰኞ ጠዋት ከሥራ መቅረት የሚችል ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያኔ አላሰብኩም።

ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለሦስት መምህራን 4,000፣ 4,000 ብር፤ ለመልመጃ ወረቀት ፎቶ ኮፒ 2,400 ብር፤ በድምሩ 14,400 ብር። ለ48 ሳካፍለው ልክ 300 መጣ። ሳይሸራረፍ መውጣቱ ደስ ብሎኝ ነበር። እጅ ተነሥቶ ጸደቀ። የተነሡት እጆች ግን መክፈል የሚችሉ ሰዎች እጆች ብቻ ነበሩ።

ክፍያው በቴሌብር፣ ደረሰኙ ደግሞ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ እንዲለጠፍ ተስማማን። ሌሎቹ እንዲከተሉ የመጀመሪያውን ደረሰኝ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ 31 ደረሰኝ ገባ፤ 9,300 ብር። ካልከፈሉት 17 ቤተሰቦች አብዛኞቹ ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ አልነበራቸውም፤ ግሩፑ ውስጥ ስለ እነሱ የሚባለውን አላዩም። ልጆቹ ግን ሰሙ። በየቀኑ 9፡30 ላይ የከፈሉት ስም ይነበባል፤ ያልተጠራው ቦርሳውን ይዞ ይወጣል።

አንድ ረቡዕ ልጄን ልወስድ ሄጄ ከክፍሉ ጀርባ ዞርኩ። አንድ ልጅ በመስኮቱ በኩል ሰሌዳውን እያየ የሒሳብ ጥያቄ ይገለብጣል። የሚጽፍበት ስላልነበረው ደብተሩን ግድግዳው ላይ በግራ እጁ ደግፎታል። ግድግዳው ሻካራ ስለሆነ እርሳሱ ወረቀቱን ይበሳዋል። ሲያየኝ ደብተሩን ዘግቶ ሮጠ። ከግቢው እንዳይወጣ የሚከለክለው አልነበረም፤ ክፍሉ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ግን እኔ የያዝኩት ዝርዝር ነበር።

ማታውኑ ለክፍል ኃላፊው መምህርና ለትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ሰብሳቢ ደወልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ የወረዳ ደብዳቤ

መጀመሪያ የታሰበን በየመሥሪያ ቤቱ የለመድነው ነው፤ መክፈል የማይችል ማስረጃ ያምጣ። ለጤና መድኅን መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በወረዳ ተለይተው መዋጮው ይሸፈንላቸዋል፤ እኛም ያንኑ ቀዳን። የወረዳ ደብዳቤ ያመጣ ነፃ ይማራል አልን። ደግ ነገር የሠራን መስሎን ነበር።

ከ17ቱ ደብዳቤ ያመጡት አራት ናቸው። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ አንድ በአንድ ሳነጋግራቸው ነው። አንዷ እናት ወረዳ ሦስት ቀን ተመላልሳለች። ልብስ የምታጥበው በቀን ክፍያ ስለሆነ ሦስቱንም ቀን አልሠራችም። «እህቴ፣ ለ300 ብር ብዬ ከዚያ የበለጠ ከሰርኩ» አለችኝ። ሌሎች አምስት ቤተሰቦች ተከራይ ናቸው፤ መታወቂያቸው የሌላ ወረዳ ወይም የክልል ስለሆነ የሚያውቃቸው ጽሕፈት ቤት የለም። የጥበቃ ሠራተኛውን ደግሞ ደመወዝተኛ ስለሆንክ አይመለከትህም አሉት። የቀሩት አልሄዱም። አንድ አባት ምክንያቱን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር፤ ልጁ ፊት ድሃ ነኝ የሚል ወረቀት መያዝ አልፈለገም።

ደብዳቤ ካመጡት አንዷ ተማሪ ወረቀቱን ለሦስት ቀን ለመምህሯ ሳትሰጥ ቆየች። በመጨረሻ እጥፍጥፍ አድርጋ ከእርሳስ መያዣዋ ውስጥ አወጣችው። «የድሃ ድሃ መሆናቸው ተረጋግጧል» ይላል። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ማንበብ ትችላለች።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ልጅ በነፍስ ወከፍ መርዳት

ታኅሣሥ ላይ አቅም ያላቸው ወላጆች አንድ አንድ ልጅ ይያዙ ተባለ። ገንዘቡ ወዲያው ሞላ። የመርካቶው ነጋዴ ብቻውን የአምስት ልጅ ከፈለ፤ የባንክ ሠራተኞቹ የሁለት። በታኅሣሥና በጥር 48ቱም ልጆች ክፍል ገቡ። ማን የማንን ልጅ እንደያዘ በአንድ ወረቀት ጽፌ ነበር። በዚያ ወር ይህ ጽሑፍ ቢጻፍ ኖሮ ተሳካ ብዬ እጨርሰው ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ ሁለት ልጆች በኳስ ተጣሉ። አንደኛው ሌላውን «አንተ አባቴ ነው የሚከፍልልህ» አለው። ልጁ ማጠናከሪያውን ተወ። በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ልጆች ተከተሉት። አንዷን እናቷ ብታባብላትም እምቢ አለች። ወሬው እንዴት እንደወጣ ደርሼበታለሁ፤ ወረቀቱ ቤት ውስጥ ተነግሯል፣ ልጅም ሰምቷል። ነጋዴው ሲሰማ ከልቡ አዘነ። ልጁን ይዞ የተሰደበው ልጅ ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ አስጠይቋል። ልጁ ይቅርታውን ተቀበለ፤ ወደ ማጠናከሪያው ግን ወዲያው አልተመለሰም።

የሰጪው ክፋት አይደለም። ስሙን የጻፍኩት፣ ወረቀቱንም ያዞርኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ በእኩዮች መካከል አበዳሪና ባለዕዳ ፈጠረ፤ ልጆቹ ደግሞ ከዚያ በኋላም አንድ ዴስክ ላይ አብረው ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ዝጉ ሳጥን

ሐሳቡን ያመጡት የምገባ እናት ናቸው። በጥር መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለተኛ ስብሰባ ጠራን፤ 39 ወላጅ መጣ። እሳቸው ከኋላ ተነሥተው «ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ማን ስንት እንደጣለ የሚቆጥር አለ? ሳጥኑ ዝግ ነው» አሉ። አንድ አባት ደግሞ መስጊድም እንደዚያው ነው ብለው ደገፉ። ውሳኔው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የማጠናከሪያ ክፍሉ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ዝርዝር ማንበብ ቀረ። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ለ48ቱም ልጆች አንድ ዓይነት ቡናማ ፖስታ ይሰጣል። ፖስታው ላይ ስም አይጻፍም። ከውስጡ ትንሽ ወረቀት አለ፦ የወሩ ወጪ ስንት እንደሆነ፣ ለአንድ ልጅ ሲካፈል 300 ብር እንደሚደርስ፣ የሚችል ከዚያ እንዲጨምር፣ ያልቻለ የቻለውን እንዲያስገባ፣ ምንም ያልቻለ ፖስታውን ባዶውን አሽጎ እንዲመልስ። ሁሉም ልጅ የታሸገ ፖስታ ይመልሳል፤ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ባለው ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ራሱ ይከታል። የሚከፍቱት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ እኔ፣ አንድ መምህርና የምገባ እናቷ። ከተቆጠረ በኋላ በግሩፑም በማስታወቂያ ሰሌዳውም የሚወጣው ድምሩ ብቻ ነው።

የካቲት ላይ ሳጥኑን ስንከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 48 ፖስታ፤ 13ቱ ባዶ። ድምሩ 11,150 ብር። ከሚያስፈልገው 3,250 ብር ጎደለ። የፎቶ ኮፒውን ወጪ ወደ 1,150 ብር አወረድን፤ ለመምህራኑም 10,000 ብር ሰጥተን 2,000 ብር ዕዳ ያዝን። መምህራኑ ታገሡን፤ ያለ እነሱ ትዕግሥት ሳጥኑ በመጀመሪያው ወር ይሞት ነበር።

መጋቢት ላይ 13,700 ብር፣ ሚያዝያ ላይ 14,350 ብር፣ ግንቦት ላይ 13,800 ብር ገባ። መልመጃውን በወረቀቱ ሁለት ገጽ በማተምና ቀላሉን ሰሌዳ ላይ በመጻፍ ፎቶ ኮፒው በወር 1,200 ብር ላይ ቆመ። የመምህራኑ ዕዳ ግንቦት ላይ ተከፍሎ አለቀ፤ የተረፈችው 250 ብር ለፈተና ቀን እርሳስና ላጲስ ተገዛባት።

ከድምሩ ይልቅ የገረመኝ የፖስታዎቹ ይዘት ነው። በየካቲት ባዶ ያልሆኑት 35 ነበሩ። ውስጣቸው 20 ብር፣ 50 ብር፣ 100 ብር ያለባቸው ነበሩ። አንዱ ውስጥ ሳንቲምና አሮጌ አምስት ብሮች ተደባልቀው 35 ብር ወጣ። አንዱ ውስጥ 1,500 ብር ነበር። ያችን 35 ብር ሳያት ቆይቼ አሰብኩ። ኅዳር ላይ ይህ ቤተሰብ በእኔ መዝገብ «ያልከፈለ» ነበር። 35 ብር የሚሰጥበት መንገድ ስላልነበረው ዜሮ አድርጌ ጻፍኩት። 300 ብር አንድ ዋጋ ስናደርገው፣ መክፈል የሚፈልጉትንና ምንም የሌላቸውን አንድ ላይ ደፍነን አስወጣናቸው።

ሌላም የማናውቀው ነገር ወጣ። ቀድሞ 300 ብር በየወሩ ይከፍሉ ከነበሩት መካከል ተበድረው የሚከፍሉ ነበሩ። የራይድ ሹፌሩ ከወራት በኋላ ሲነግረኝ፣ ከሳጥኑ በኋላ 150 ብር ማስገባት መጀመሩን አልደበቀኝም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ከዕቁቡ ሰብሳቢ ተበድሮ ነበር የከፈለው። ደረሰኝ የለጠፈ ሁሉ ተመችቶት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

የሚችል ሆኖ ባዶ ፖስታ የመለሰ አልነበረም አልልም። ሁለት ወላጆች ይህንን አንሥተው ተከራከሩ፤ አንደኛው እስከ መጨረሻው አልተስማማም። ክርክሩ ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ በየወሩ ድምሩን እያየን መለስንለት፤ የባዶው ፖስታ ቁጥር ከ13 ተነሥቶ ሚያዝያ ላይ 9 ደረሰ እንጂ አልጨመረም። ጥሬ ገንዘብ መሆኑም ለአንዳንዶች አልተመቸም። ሁሉም በስልክ መክፈል ለምዷል። በስልክ ቢሆን ግን ስምና መጠን ይታያል፤ ስለዚህ በጥሬው ጸናን።

ሳጥኑ ያልደረሰባቸው ልጆች

በር ተከፍቶም የማይገቡ ልጆች ነበሩ። መጋቢት ላይ የክፍል ኃላፊው መምህር የሚገኙትንና የሚቀሩትን ሲቆጥር ስድስት ልጆች በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ይቀራሉ። ነፃ ነው፣ ማንም አይጠይቃቸውም፣ ግን የሉም።

ከእነሱ አንዷ የዚያች ሦስት ቀን ወረዳ የተመላለሰች እናት ልጅ ናት። እናትየው ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ትገባለች። የልጅቷን የሦስት ዓመት ወንድም ጎረቤት እስከ 10 ሰዓት ታይላቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ መቀበል አለባት። አንድ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ሕፃኑን በነጠላ አዝላዋለች፤ የእንግሊዝኛ ደብተሯ በርሜሉ ላይ ተከፍቶ፣ እየወዘወዘችው ቆማ ታነባለች። ሕፃኑ እጁን ሲሰድ ገጹን ይገለብጥባታል፤ ትመልሰዋለች። «ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብዬ እሠራው ነበር» አለችኝ። ሰበብ የምታቀርብ ልጅ ድምፅ አልነበረም፤ ስለ ነገሩ ብቻ ነገረችኝ።

ከሌሎቹ አምስት አንዱ ከትምህርት በኋላ ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣል። ሁለቱ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ቀናት ቀድተው የሚያስቀምጡ ናቸው። ሁለቱ እንደ እሷው ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ። የእኔ ልጅ ውሃ ቀድቶ አያውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ታንከር አለ። ገቢ ያለው ቤት ለልጁ ሰዓት ይገዛለታል፤ ሠራተኛ በመቅጠር፣ ታንከር በማስቀመጥ፣ ሚኒባስ በመኮናተር። ገቢ የሌለው ቤት የጎደለውን የሚሞላው በልጁ ሰዓት ነው። እኛ አራት ወር ሙሉ ስንጨነቅ የነበረው ስለ ብሩ ብቻ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከምገባው ነው። ድሮ ልጆች ለምሳ ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። አሁን ምሳቸውን እዚያው ስለሚበሉ ከ6 እስከ 7፡30 ድረስ 48ቱም ግቢ ውስጥ ናቸው። መጋቢት መጨረሻ ላይ ማጠናከሪያውን ከ9፡30 ወደ ምሳ ሰዓት አዛወርነው፤ ከ6፡40 እስከ 7፡25፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የቀሩት ሁለት ቀናት ለጨዋታ ተተዉ፤ በዚህ ላይ መምህራኑ ጠንክረው ስለተከራከሩ እኛም ተቀበልን። የቀረው ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት ሆነ፤ ታናሹን ይዞ መምጣት የሚፈልግ ልጅ ይዞ ይምጣ ተባለ። አንዲት የምገባ እናት ቅዳሜ ሕፃናቱን በግቢው ውስጥ ለማየት ፈቀዱ።

ከስድስቱ አራቱ ሳይቀሩ መከታተል ጀመሩ፤ ሕፃን የምታዝለውም ልጅ ከእነሱ መካከል ናት። ሶፍት የሚሸጠው ልጅ በምሳ ሰዓት ይገኛል፤ ቅዳሜ ግን ገበያው የሚደራበት ቀን ስለሆነ አልመጣም። የምሳ ሰዓቱ የራሱ ጉዳት ነበረው፤ ልጆቹ ከበሉ በኋላ ይፈዛሉ፣ መምህራኑም የሚያርፉበት ሰዓት ተወሰደ።

አንዱን ልጅ ግን አጣነው። በመስኮት ሲገለብጥ ያገኘሁት ልጅ ነው። ከፋሲካ በኋላ አከራያቸው ኪራይ ጨመሩና ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ቢያንስ የሁለት ዓመት የጽሑፍ ውል እንዲኖር ያዛል፤ የእነሱ ግን የቃል ነበር። የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መሸኛ ወሰደ። የዚህን ልጅ ጉዳይ በምን ሳጥን እንደምንይዘው እስካሁን መልስ የለኝም።

ውጤቱ

ሰኔ ላይ 47 ልጆች ፈተናውን ወሰዱ፤ 41ዱ አለፉ። ኅዳር ላይ ከክፍል ከወጡት 17 ልጆች ግቢው ውስጥ የቀሩት 16ቱ ተፈትነው 13ቱ አልፈዋል። ይህ ሁሉ በማጠናከሪያው ነው ብዬ አልጽፍም፤ ቀድሞም ጎበዝ የነበሩ አሉ። በኳስ ጸብ ያቆመው ልጅ መጋቢት ላይ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ አልፏል።

ለሌላ ትምህርት ቤት የሚሆኑ ነጥቦች

በየትምህርት ቤቱ መዋጮ አይቀርም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረታዊ ትምህርትን ነፃ ካደረገ ወዲህም ለጉዞ፣ ለምረቃ፣ ለአጋዥ መጽሐፍ፣ ለመምህራን ቀን ስጦታ በየክፍሉ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ የወሰድኩትን እጽፋለሁ።

ልጁ መጀመሪያ ይግባ፤ ስለ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይነገር። እኛ ከፍሎ ይግባ ብለን ስለጀመርን፣ ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ የወጣን ልጅ መመለስ ሆነ። የወጣ ልጅ ደግሞ በሩ ሲከፈትለት ወዲያው አይመለስም።

ድህነትን በማስረጃ አትጠይቁ። ማስረጃው ራሱ ዋጋ አለው፤ የሚከፈለውም በቀን ሥራ በሚያድር ሰው ቀን ነው። ይባስ ብሎ ማስረጃው በደመወዝ ብቻ የሚለካ ከሆነ ባለ አራት ልጁን ደመወዝተኛ ሳያየው ያልፋል። አንድን ቤት ከሌላው ጋር ማወዳደር ካስፈለገ፣ የሚገባው ለስንት አፍ እንደሚካፈል ይጠየቅ። ግን እኛ እንዳየነው ማወዳደሩ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል።

አንድ ቁርጥ ዋጋ አታስቀምጡ። 300 ብር ስንል ብዙ ገንዘብ አጣን፤ 20 ብሩም 35 ብሩም 1,500 ብሩም ያለበት ቤት ነበረ። ወጪውን በግልጽ አሳዩ፣ የአንድ ልጅ ድርሻ ስንት እንደሆነ ንገሩ፣ የቀረውን ለየቤቱ ተዉ። ድምሩን በየወሩ ለሁሉም አሳውቁ፤ ሰው የሚያምነው ድምር ሲያይ ነው። ሳጥን ከፋቾቹ አንድ ዓይነት ኑሮ ያላቸው ሰዎች ብቻ አይሁኑ። የምገባ እናቷ ባይኖሩ ኖሮ ወላጆቹ እኔንና መምህሩን ያምኑ ነበር ብዬ አላስብም።

የደረሰኝ መለጠፊያ ግሩፕ ካለ ዛሬውኑ ይቁም። ይህንን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ የሚሠራ ማዋረጃ ነው።

ልጁ ለምን እንደቀረ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከብር በፊት ሰዓት የጎደለው ልጅ ይኖራል፤ እሱን ነፃ ማድረግ ብቻውን አያመጣውም። ልጆች ሁሉ ግቢ ውስጥ የሚገኙበትን ሰዓት ፈልጉ። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ያ ሰዓት የምሳ ሰዓት ነው።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ይሁን። ፖስታውም ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደመወዝ በወጣ ማግስት ይሰጥ፤ ለመመለስም አሥር ቀን ይኑረው። ቀን ሠራተኛና ልብስ አጣቢ ገንዘብ የሚይዙት በየቀኑ ቁርጥራጭ ስለሆነ፣ አሥር ቀን ሲያገኙ በየዕለቱ አምስትም አሥርም ብር እየጨመሩ ፖስታውን ይሞሉታል። ያች 35 ብር በሳንቲምና በአምስት ብር የመጣችው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።